በአሮጌ ላንድክሩዘር ወደ ወገልጤና

ረቡዕ፣ አዲስ አበባ

መኪናዋ ኤችዜድጄ 75 ፒክአፕ ናት። ያቺ ረጅሟ፣ ድሮ የእርዳታ ድርጅቱም የመንግሥት መሥሪያ ቤቱም ነጭ በነጭ አድርጎ የሚነዳት ላንድክሩዘር። ቶዮታ 70 የሚባለውን ዘር ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። የእሷ ሞተር፣ 1ኤችዜድ፣ በ1990 የመጣ ነው፦ ስድስት ፒስተን፣ 4.2 ሊትር፣ ናፍጣ፣ ቱርቦ የለው፣ ኮምፒውተር የለው። ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ ላይ ነው የተቀመጠችው። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ የወጡት ታናናሾቿ ከፊት ሞላ አላቸው። ለምቾት እነሱ ይሻላሉ፣ ለወሎ መንገድ ግን እኔ የእሷን እመርጣለሁ፤ ባሌስትራ ቢሰበር ሁሉም ከተማ ውስጥ የሚሰራው ሰው አለ።

የአክስቴ ልጅ ወሎ፣ ደላንታ፣ ወገልጤና ላይ እህል ይነግዳል። መኪናዋን አዲስ አበባ አንድ ግቢ ውስጥ ቆማ አግኝቶ ገዛት። ከዛ «አድሳችሁ፣ አሻሽላችሁ አምጡልኝ» ብሎ ለእኔና ለጓደኛዬ ተወልን። ጓደኛዬ መካኒክ ነው። እኔ ዕቃውን እፈልጋለሁ፣ ሲያልቅ ደግሞ እነዳለሁ።

የላከልን ዝርዝር ረጅም ነበር። ቱርቦ ይግባላት፣ ከፍ ትበል፣ ሰፋፊ ጎማ ይታሰርላት፣ ጋቢናው ላይ መብራት ይደርደር፣ ስፖንዳዋ ከፍ ይበልና 20 ኩንታል ትጫን። አሮጌ ፎርዊል የገዛ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ይሄንኑ ነው፣ አልፈርድበትም። እኛ ግን ከፍሬን ነው የጀመርነው። ወሎ የሚሰራ መኪና ዳገቱን ቢዘገይም ይወጣዋል። የሚያስፈራው ቁልቁለቱ ነው። ስለዚህ የፍሬን ቱቦዎቹ በሙሉ ተቀየሩ፣ የፊት ዲስኮቹ ተላጡ፣ የኋላው ሸራ አዲስ ገባ፣ ዓመታት የቆየው የፍሬን ዘይትም ተደፍቶ በአዲስ ተተካ። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፣ ውሃ የገባበት ዘይት ደግሞ ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላል፣ ፔዳሉም ወለል ድረስ ይገባል። ይሄን የሚያስታውስ ሰው ግን ጥቂት ነው።

የሞተሩ ቺንጋም ተቀየረ። ፋብሪካው በየ100 ሺህ ኪሎሜትሩ ቀይሩ ይላል። የእሷ ቺንጋ መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም፣ እንዲህ ሲሆን ደግሞ አለመጠበቅ ነው፤ ቢበጠስ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉና። አብዛኛውን ዕቃ ሶማሌ ተራ ዞረን አገኘነው።

ቱርቦውን እምቢ አልነው። 1ኤችዜድ ዕድሜውን የሚያገኘው ሳይጨናነቅ ስለሚሰራ ነው። ቱርቦ ሲገባለት ጉልበት ይጨምራል፣ እውነት ነው፣ ግን ሙቀቱም አብሮ ይጨምራል፣ ከዛ ቴስታታው፣ የሞተሩ ራስ፣ ይሰነጠቃል። አዲስ አበባ ላይ የተሰነጠቀ ቴስታታ ገንዘብ ነው። ወገልጤና ላይ ግን የአንድ ወቅት ሥራ ቀረ ማለት ነው።

ሐሙስ፣ ከአዲስ አበባ ደሴ

ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ወጣን። እስከ ደሴ 400 ኪሎሜትር ገደማ ነው። እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ ብርዱ በበሩ ጎማ ስር እየሾለከ ገባ፣ ሞተሩ ግን ልክ እንደ ሰዓት ይሄድ ነበር።

ጣርማ በር ላይ ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ ስታልፉ የመጀመሪያው ፈተና ይመጣል። ከ3000 ሜትር በላይ ከሆነ ብርድ ተነስታችሁ ደብረ ሲናን አልፋችሁ ሸዋሮቢት 1300 ሜትር ገደማ ላይ ትገባላችሁ። እኛ ዋሻው ሳያልቅ ነው ማርሽ የቀነስነው። መኪናዋ በሁለትና በሦስት ማርሽ እያጉረመረመች ወረደች፣ ፍሬኑን የምንነካው አልፎ አልፎ ነው፣ ስንነካው ደግሞ ጠበቅ አድርገን እንይዝና እንለቃለን። ዝም ብሎ እግርን ፔዳሉ ላይ አስደግፎ መውረድ ሸራውን ይጠብሰዋል። ከፊታችን አንድ ኢሱዙ እንደዛ ይወርድ ነበር፣ ሽታው ጋቢናችን ድረስ ገባ።

ከሚሴ ላይ ሙቀቱ ሌላ አገር ነው። ምሳ በላን፣ ናፍጣ ቀዳን፣ ቀጠልን። ኮምቦልቻ ገብተን የሐረጎን ዳገት ስንጀምር ፀሐይዋ ማዘንበል ጀምራለች። ኮምቦልቻና ደሴ 25 ኪሎሜትር ቢራራቁ ነው፣ ግን በዚህች መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ። ከባድ መኪና ሁሉ ተሰልፎ ያቃስታል። እኛም በሦስት፣ አንዳንዴም በሁለት ማርሽ ተከተልን። ጥቁር ጭስ አላወጣችም። ጓደኛዬ ከመነሳታችን በፊት የናፍጣ ፖምፑን አስለክቶ፣ ቀድሞ የነበረ ሰው ከፍቶት የነበረውን የናፍጣ መጠን ወደ ልኩ መልሶት ነበር።

ደሴ እንደደረስን መጀመሪያ ያደረግነው አራቱንም ቸርኬ በእጅ መዳበስ ነው። ቴርሞሜትር አያስፈልግም። ሦስቱ እኩል ሞቀዋል። የግራው የፊት ጎማ ግን ከኋላው ረጥቧል። ፍሬን ዘይት እንዳይሆን ብለን ደነገጥን። ፍሬን ዘይት አልነበረም።

ዓርብ፣ ደሴ

ጠዋት ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ወዳለ ጋራዥ ወሰድናት። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው፣ ድሮ ላንድሮቨር ሲጠግኑ የኖሩ፣ አሁንም ከመኪናው ስር የሚገቡት ራሳቸው ናቸው።

«ጋሼ፣ ይቺ ርጥበት ምንድን ናት?» አልናቸው።

ወዲያው አልመለሱም። የፊት ጎማው ሲዞር የሚዞርበትን ያንን ክብ ኳስ የመሰለ ብረት በጣታቸው ጠረግ አደረጉት። ያነሱትን በአውራ ጣታቸው አሸት አሸት አደረጉና አሸተቱት። ጥቁር ነው፣ ግን ቀጭን ነው፣ በጣቶቻቸው መሃል እንደ ክር ይሳባል።

«ይሄ ግራሶ ብቻ አይደለም ልጄ። ዘይት 90 ገብቶበታል። የውስጡ ኦይል ሲል ለቋል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የእነዚህ መኪኖች የፊት አክስል ጫፍ ላይ ያለው ቤት ግራሶ ብቻ ነው መያዝ ያለበት። ዲፈረንሻሉ ደግሞ ዘይት ይይዛል። ሁለቱን የሚለየው አንድ ትንሽ ጎማ ነው። እሱ ሲያረጅ ዘይቱ ወደ ግራሶው ይገባና ያቀጥነዋል፣ የቀጠነው በውጪ ይፈስሳል። ዲፈረንሻሉ ዘይት ያጣል። ከላይና ከታች ያሉት ኩሽኔቶች ደግሞ ግራሶ ያጣሉ፣ ሲላሉም መኪናዋ ጉድጓድ በመታች ቁጥር መሪው ይንቀጠቀጣል። ብዙ ሰው ይሄ ሲመጣ አሞርዛተር ይቀይራል። ችግሩ ግን አሞርዛተሩ ጋ አይደለም።

ጎማው ወለቀ፣ ፍሬኑ ወለቀ፣ ውስጡ ተከፈተ። ያን ሁሉ ጥቁር ጭቃ ልጆቹ በናፍጣ ሲያጥቡት ሌላ ብረት ሆኖ ወጣ። ኳሱ ላይ ዝገት የበላው ቦታ አለ። ሽማግሌው እሱን በቀጭን ወረቀት አለሰለሱት፤ ሻካራ ከሆነ አዲሱን ሲል በአጭር ጊዜ ይበላዋልና። ኦይል ሲልና ኩሽኔት ደሴ ከተማ ውስጥ ተገኘ። የ70 ዘር ትልቁ ፀጋ ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። ያለንበት ከተማ ሱቅ ውስጥ ዕቃው አለ፣ ዕቃውን የሚያውቅ እጅም አለ። ሌላው ማሻሻያ ሁሉ ከዚህ በኋላ ይምጣ።

እኩለ ቀን ላይ ሥራው ቆመ፣ ጁምዓ ነው። ሽማግሌው እጃቸውን ታጥበው፣ ነጭ ለብሰው ሄዱ። እኛ ከቀሩት ልጆች ጋር ቡና ጠጣን። አቦሉን ጠጥተን ልንነሳ ስንል «ሳትባረኩማ አትሄዱም» ብለው ቶናውንም በረካውንም አስጠበቁን። ደሴ ላይ ቸኩላችሁ ቡና መጠጣት አይቻልም፣ ባይቻልም ደስ ይላል።

ከሰዓት ሽማግሌው የኩሽኔቱን ጥብቀት ሲያስተካክሉ ያየሁትን ለማመን ያስቸግራል። መንጠቆ ሚዛን አመጡ፣ ሥጋ የሚመዘንበትን። የመሪውን ክንድ በመንጠቆው ይዘው ሳብ አደረጉና ቤቱ መዞር ሲጀምር ቁጥሩን አነበቡ። ላላ ስላለባቸው ከስሩ ያለችውን ስስ ብረት አንስተው በሌላ ቀየሩና ደግመው ሳቡ። የፋብሪካው መጽሐፍም በዚሁ መንገድ ለኩ ነው የሚለው። እሳቸው መጽሐፉን ይኑራቸው አይኑራቸው አልጠየቅሁም፣ እጃቸው ያውቀዋል።

ቅዳሜ፣ ደሴ እና ሐረጎ

ዛሬ የባሌስትራ ቀን ነው። ባለቤቱ ለጭነት ከኋላ እንዲጠናከርለት ፈልጓል፣ ይሄኛው ጥያቄው ልክ ነው። የኋላው ባሌስትራ ዘንበል ብሎ ተኝቷል። ሁለቱ ስስ ብረቶች ተሰብረው ኖሯል፣ በአቧራው ተሸፍነው ስለነበር አልታዩንም። የተሰበሩት ተተኩ፣ አንድ ተጨማሪም ገባ። መሃሉን የሚይዘው ፔርኖ አዲስ ሆነ። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ዩ ቦልቶችም እንደዛው፤ አንዴ የተሳበን ዩ ቦልት ደግሞ ማሰር ጥሩ አይደለም።

መኪናዋ ከኋላ ብድግ አለች። አማረባት። ጓደኛዬ ሊያወርዳት ሲል ሽማግሌው «ቆይ» አሉ። ተንበርክከው ከአክስሉ በላይ፣ ሻንሲው ላይ የታሰረች ትንሽ ቫልቭ አሳዩን። ከእሷ የሚወጣ ቀጭን ዘንግ ወደ አክስሉ ይወርዳል።

ይህችን ቫልቭ እወቋት። ሥራዋ ጭነቱን ማየት ነው። መኪናዋ ስትጫን ሻንሲው ዝቅ ይላል፣ ዘንጉ ቫልቩን ይገፋዋል፣ ለኋላው ጎማ ብዙ ፍሬን ይሄዳል። ባዶ ስትሆን ሻንሲው ከፍ ይላል፣ የኋላው ጎማ እንዳይቆለፍና እንዳይንሸራተት ፍሬኑ ይቀንሳል። አሁን እኛ ባሌስትራ ጨምረን ከፍ አድርገናታል። ቫልቯ የምታየው ከፍታውን ብቻ ነው፣ ስለዚህ 10 ኩንታል ተጭና እንኳ ባዶ ነች ብላ ታስባለች። የኋላ ፍሬን ይጠፋል፣ ሸክሙ ሁሉ የፊቱ ላይ ይወድቃል። ከፍ ያሉ ፒክአፖች ቁልቁለት ላይ «ፍሬን አልያዝ አለኝ» የሚሉት ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። መኪና ከፍ ሲያስደርግ ይቺን የሚጠይቅ ሰው አላየሁም።

መፍትሔው ቀላል ነው። የዘንጉ የታችኛው ጫፍ የሚታሰርበት ብረት፣ መኪናዋ ከፍ ባለችው ልክ ከፍ እንዲል ተደረገ። ለኩ፣ ቆረጡ፣ ቀዳዳ አወጡ፣ አሰሩ። አንዳንድ ጋራዥ ዘንጉን በሽቦ ወደ ላይ ጠፍሮ ያስረዋል፤ ያ ደግሞ ባዶ ስትሆን ዝናብ ላይ ከኋላዋ እንድትዞር ያደርጋታል። አይደረግም።

ከዛ አሸዋ በጆንያ ጫንንና ሐረጎን ወረድን፣ ተመልሰን ወጣን። ሽማግሌው ጋቢና ውስጥ ከእኔ ጎን ናቸው። መታጠፊያዎቹ ላይ በድንገት «ያዝ!» ይሉኛል፣ እይዛለሁ፣ አፍንጫዋ ሳይደፋ አራቱም ላይ ቁጭ ትላለች። አንዴ፣ ደግሞ አንዴ። ኮምቦልቻ ስንደርስ ወርደው ከበሮዎቹን ዳሰሱ። «አብሽር፣ ትሄዳለች» አሉ። እኔ የዛን ጊዜ ነው የተረጋጋሁት።

ስንሰናበት የሠሩበትን ተቀብለው ቡሎኖቹን አስታወሱን። አዲስ ባሌስትራ ይተኛል፣ ስለዚህ ጥቂት መቶ ኪሎሜትር ከተሄደ በኋላ ዩ ቦልቶቹ ደግመው ይጠበቁ። «እንዳትረሱ ልጆቼ። ሰው ይረሳል፣ መንገዱ ግን አይረሳም።»

እሑድ፣ ከደሴ ወልዲያ

ቀላል ቀን። 120 ኪሎሜትር ገደማ። ሐይቅ ላይ አሳ በላን፣ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም ግን አልገባንም፣ ሌላ ጊዜ። ውጫሌን አለፍን፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ያ ጣጠኛ ውል የተፈረመባት ከተማ፣ አሁን ሾፌሮች ሻይ የሚጠጡባት ናት። መርሳ ላይ ሸንኮራና ፍራፍሬ። ወልዲያ ስንገባ ዩ ቦልቶቹን ጠበቅ አደረግናቸው፣ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ዞረዋል። ሽማግሌው ልክ ነበሩ።

ሰኞ፣ ከወልዲያ በድልብ ጋሸና

ቻይናዎች በደርግ ጊዜ በሰሩት መንገድ ወደ ምዕራብ ታጠፍን። ድልብን አይቶ የማያውቅ ሰው ከስር ቆሞ ወደ ላይ ቢያይ መንገዱ የት እንደሚሄድ አይገባውም። ጠመዝማዛ ነው፣ ተራራው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነው፣ ከወልዲያ ሙቀት ተነስቶ ወደ 3000 ሜትር ገደማ ይወስዳችኋል።

ከዳገቱ አጋማሽ በላይ ከኮፈኑ ስር ትስስስ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የሙቀት መቁጠሪያውን አየሁ። ቀዩ ጋ አልደረሰም። ግን ውሃው ከራዲያተሩ ወጥቶ በትርፍ ማጠራቀሚያዋ በኩል እየተፋ ነው። ጥግ ይዘን ቆምን፣ ድንጋይ ከጎማው ስር አደረግን፣ ሞተሩን ወዲያው አላጠፋነውም፣ ትንሽ በዝግታ እንዲዞር ተውነው።

እዚህ ከፍታ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ውሃ ባህር ዳርቻ ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል። 3000 ሜትር ላይ በ90 ገደማ ነው የሚፈላው። ሞተር ጤነኛ ሆኖ የሚሠራበት ሙቀት ደግሞ እዛው አካባቢ ነው። ታዲያ መኪናዎች ደጋ ላይ ለምን ሁሌ አይፈሉም? ምክንያቱ የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ሞላና ጎማ አለው፣ ውስጡ ያለውን ውሃ በግፊት አፍኖ ይይዘዋል፣ የታፈነ ውሃ ደግሞ ቶሎ አይፈላም። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ግፊቱ ያመልጣል፣ ውሃው ገና መቁጠሪያው ሳይናገር ይፈላል። ቆላ ላይ ዝም ብሎ ሲሠራ የኖረ ክዳን ድልብ ላይ ይጋለጣል።

አንድ ኢሱዙ ቆመልን። ረዳቱ ጄሪካን ውሃ ይዞ ወረደ። «ክዳኑን አሁን እንዳትከፍቱት ወንድሜ፣ ፊትህን ይልጥሃል» አለኝ። አልከፈትነውም፣ ቀዘቀዘ እስኪል ጠበቅን። ጓደኛዬ ሲከፍተው የክዳኑ ጎማ እንደ ቆርፋዳ ቆዳ ደርቆ ዳር ዳሩ ተሰነጣጥቋል። ጓደኛዬ መቼም ትርፍ ክዳን ሳይዝ አይወጣም። ቀየርነው፣ የራዲያተሩን ፊት የሸፈነውን ገለባና አቧራ ከጄሪካኑ በተረፈው ውሃ አጠብነው፣ ሄድን። እስከ ጋሸና አንዲት ጠብታ አልተፋችም። አዲስ ራዲያተር ለመግዛት የሚያስቸኩል በሽታ በአንድ ክዳን ተፈታ።

ጉልበቷ ግን መቀነሱ ይታወቃል። እዚህ ከፍታ ላይ ከባህር ጠለል ጋር ሲተያይ ሩብ ያህሉ አየር የለም። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ያለውን ነው። ናፍጣ ጨምረህ ጉልበት አገኛለሁ ብትል የማይቃጠል ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ ሞተሩም ይግላል። ማርሽ ቀንሶ መታገስ ነው። ጭነት የያዙት ሁሉ እንዲሁ ነው የሚያደርጉት።

ጋሸና ስንገባ የኋላ ቀኝ ጎማ ሚስማር በልቶ ተኛ። እዚህ ላይ የጎማ ነገር ላንሳ። የእኛዋ 7.50 በ16 ጎማ ነው የታሰረላት፣ ባለ ካላማዳሪ፣ ቸርኬው ቀለበት ያለው። ሰፊና ካላማዳሪ የሌለው ጎማ ያምራል፣ አሸዋና ጭቃ ላይም ይረዳል። ግን ጋሸና ላይ የጎሚስታው ማሽን መዶሻና ሁለት ብረት ነው። ልጁ ቀለበቱን በመዶሻ ፈነቀለ፣ ካላማዳሪውን አውጥቶ ውሃ ውስጥ ነከረ፣ አረፋውን አየ፣ ለጠፈ፣ መልሶ ገጠመ። ቡናችንን ሳንጨርስ አለቀ።

የቀለበት ቸርኬ አደገኛነቱን ግን መደበቅ አልፈልግም። አየር ሲሞላ ቀለበቱ በደንብ ካልተቀመጠ ተስፈንጥሮ ሰው ይገድላል። ይሄ ልጅ ወፍራም ሰንሰለት በቸርኬው ቀዳዳዎችና በጎማው ዙሪያ ጠምጥሞ አሰረ፣ ቀለበቱን ወደ መሬት ገለበጠው፣ ቱቦውን ካስገባ በኋላ ርቆ ቆመ። አየር መሙላቱን መሃል ላይ አቁሞ ቀለበቱን ዙሪያውን አየ። ማን አስተማረህ አልኩት። «ታላቄ» አለ፣ ሌላ አልጨመረም። የሚያነብ ጎሚስታ ካለ ያቺን ሰንሰለት ይግዛ።

ሌሊቱ ብርድ ነው። የማደሪያው ብርድ ልብስ አልበቃ ብሎ ጋቢም ጃኬትም ደረብን።

ማክሰኞ፣ ከጋሸና በዥጣ ወገልጤና

ጠዋት ስትነሳ አጉረመረመች፣ ነጭ ጭስ አወጣች፣ ከዛ ተረጋጋች። የማሞቂያ ካንዴላዎቹን በሙሉ ስለቀየርናቸው እንጂ በዚህ ብርድ ሞተሪኖው ባትሪውን ይጨርሰው ነበር።

ወደ ደቡብ፣ ወደ ቤተሆር። ሜዳው ሰፊ ነው፣ ገብስና ባቄላ፣ እረኞች ገሳ ደርበው። ከዛ መሬቱ ድንገት ያልቃል። ዥጣ ገደል።

ወደ ታች ከመጀመራችን በፊት ቆመን አራቱም ጎማ እንዲነዳ የፊት ጎማዎቹን ሎክ በእጅ አዞርን፣ ሎው ውስጥ፣ ማለትም የፎርዊሉ ዘገምተኛ ማርሽ ውስጥ፣ አስገባናት። የፎርዊልን ትርጉም ብዙ ሰው ከጭቃ መውጫ ብቻ ያየዋል። ለእኔ ሎው ከሁሉ በላይ የመውረጃ መሣሪያ ነው። በአንድና በሁለት ማርሽ ሞተሩ ራሱ ይይዛታል፣ የሰው ርምጃ በሚመስል ፍጥነት ትወርዳለች፣ እግራችሁ ፍሬኑን ለመታጠፊያው ብቻ ይቆጥበዋል። ጠጠሩ ልል ስለሆነ አራቱም ጎማ ሲይዝ ቀጥ ትላለች። አስፋልት ላይ ስትወጡ ግን ወዲያው አውጡት፤ ደረቅ አስፋልት ላይ የፊትና የኋላው ሲተሳሰር ማርሾቹን ያስጨንቃቸዋል።

ግማሽ ላይ ቆመን ከበሮዎቹን ዳሰስን። ለብ ብለዋል፣ ይኸው ነው። ጓደኛዬ የግራውን የፊት ጎማ ከኋላው አየ። ደረቅ ነው። ኳሱ ያብረቀርቃል።

እዚህ ቆሜ ስለ ቴዎድሮስ ሳላስብ መሄድ አልቻልኩም። በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፍ፣ ከደብረ ታቦር አስነስተው በዚሁ ገደል አውርደው፣ ደላንታን አሻግረው፣ በበሽሎ አድርገው መቅደላ አምባ ላይ አወጡት። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ፈጀባቸው። መንገዱን እየቆረጡ፣ በሰው ክንድ፣ በገመድ። 70 ኩንታል ማለት ነው። መድፉ አሁንም መቅደላ ላይ ነው። ሽቅቡ ላይ መጎተት ከባድ ነው፣ ቁልቁሉ ላይ ግን ያን ክብደት ማን፣ በምን ያዘው? ከኋላ ገመድ የያዙት ሰዎች እጅ ምን ይመስል እንደነበር አስቤ ዝም አልኩ።

ዳገቱን ስንወጣ ከኋላችን አንድ የጭነት መኪና አቧራ አለበሰን። የአየር ማጣሪያዋን መሳቢያ ከፍ አድርገን በጋቢናው ጥግ ያወጣነው ለዚህ ነው። ሰው ስኖርክል የሚለውን ለወንዝ መሻገሪያ ያስበዋል። እዚህ አገር ጥቅሙ ከአቧራ ከፍ ብሎ ንጹህ አየር መሳብ ነው። ማምሻ ላይ ማጣሪያውን ስናወጣው ስንጠብቅ ከነበረው በላይ ንጹህ ነበር።

ወገልጤና ስንደርስ የአክስቴ ልጅ ደጅ ላይ ቆሟል። አክስቴ መጀመሪያ እኔን አቀፈችኝ፣ ከዛ መኪናዋን ዞራ አየች። «ልጆቼ፣ ይቺ አሮጊት ናት እኮ» አለች። «አሮጊት ናት እትዬ» አላት ጓደኛዬ፣ «ግን ጉልበቷን አላጣችም።» «በሉ ግቡ፣ እንጀራው ይቀዘቅዛል።»

ረቡዕ፣ ወገልጤና

ጠዋት ስለ ስፖንዳው ተነጋገርን፣ እሱ ላይ ተካረርን ማለት ይሻላል። የአክስቴ ልጅ 20 ኩንታል ይላል። «ሁሉም ይጭናል» ይላል፣ እውነቱን ነው። እኔ ደግሞ 10 ኩንታል ገደማ እላለሁ፣ መኪናዋ የተሠራችው ለዚያ ነው። ባሌስትራ መጨመር የተጫነውን ይሸከማል እንጂ የፍሬኑን ዲስክ አያሰፋም፣ የአክስሉን ዘንግ አያወፍርም፣ ሻንሲውን አያጠነክርም። ስፖንዳው ከፍ ሲል ደግሞ ጆንያው ወደ ላይ ይከመራል፣ ክብደቱ ከፍ ይላል፣ ዥጣ መታጠፊያ ላይ አንድ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ መኪናዋ ወደ ገደሉ ታዘነብላለች። ሰው ጭነት ላይ መጫኑንም ጭምር አነሳሁበት። እሱን ወዲያው ተቀበለኝ።

ክርክሩን የፈታው መንዳት ነው። 10 ኩንታል ምስር ጫንን፣ እሱ ራሱ ነዳ፣ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ካለ ቁልቁለት ላይ «ያዝ!» አልኩት፣ እንደ ደሴው ሽማግሌ። ያዘ። ቀጥ ብላ ቆመች። ከዛ ወርዶ ያቺን ቫልቭ አሳየሁት፣ ዘንጓን፣ ከፍ የተደረገውን ብረት። ተንበርክኮ ረጅም ጊዜ አያት። ሁለት ጊዜ በተለያየ ጭነት ዘንጓ እንዴት እንደምትንቀሳቀስ ራሱ ጆንያ እያወረደ ሞከረው። ከዛ በኋላ ስለ 20 ኩንታል አልተናገረም፣ ሁለት ዙር እሄዳለሁ አለ።

መብራቱን አስገባንለት፣ እሱ አይጎዳም፣ ጉም ሲወርድ ደላንታ ላይ ያስፈልጋል። ቢጫውን ከፊት ዝቅ አድርገን አሰርነው፣ ጋቢናው ላይ ቢሆን ጉሙ ብርሃኑን መልሶ ዓይን ውስጥ ይጥለዋል። የሚጠበቅበትን ደግሞ በእጁ ጻፈና ከዳሽቦርዱ ውስጥ ከተተው፦ ከዝናብ በኋላ ከናፍጣ ማጣሪያው ስር ያለውን ውሃ ማፍሰስ፣ የፊት ኳሶቹን በየሳምንቱ በጨርቅ መጥረግና እርጥበት ካለ ወዲያው ደሴ መሄድ፣ ዩ ቦልቶቹን ከጭነት ወቅት በኋላ ማጥበቅ፣ ትርፍ ክዳንና ትርፍ ካላማዳሪ ሁሌም መያዝ።

አመሻሽ ላይ ለደሴው ሽማግሌ ደወልንላቸው። መኪናዋ በሰላም መግባቷን ስንነግራቸው መጀመሪያ የጠየቁት ዩ ቦልቶቹን ነው። ጠበቁ አልናቸው። «እሺ፣ የፊቱ ኳስስ?» ደረቅ ነው አልናቸው። ሰውየው ጥር ላይ ዲፈረንሻሉን ከፍተው ሊያዩልን ቀጠሮ ያዙ፣ የአክስቴ ልጅም ምስሩን ሲያራግፍ በዛው ይዟት ሊወርድ ተስማማ። እኔና ጓደኛዬ ነገ ጠዋት በአውቶቡስ በኩታበር በኩል ወደ ደሴ እንመለሳለን።